የእትዬ በርናዲን የጉርሻ ትምህርት ቤት

የጉርሻ ዳኛ የሌለበት ቤተሰብ የለም። «የእኛ ቤት የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዳኛው እሱ ራሱ ነው። ታውቁታላችሁ እኮ! ምግብ ቤት ገብታችሁ፣ ጠግባችሁ፣ ቀበቶ አላልታችሁ፣ ሒሳቡ መጥቶ፣ ለአስተናጋጇ የምትተዉትን ጉርሻ ልትጽፉ እስክሪብቶ ስታነሱ፣ ከጠረጴዛው ማዶ አንገቱን የሚያሰግገው ያ ሰው። ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል። እናንተም ሳታስቡት ሦስቷን ቁጥር ስምንት ታደርጓታላችሁ።

የእኛ ቤት ዳኛ ክብርት እትዬ በርናዲን ናቸው። የባለቤቴ የጆሊን አክስት፣ የሠላሳ አንድ ዓመት አስተናጋጅ፣ በአሜሪካ የሐይቅ ዳሯ የኢሪ ከተማ የጉርሻ ሊቀ ሊቃውንት፣ የሃያ በመቶ ዘብ! ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው ከወንበር መደገፊያ ብዙም አይበልጥም፤ ድምፃቸው ግን ከወጥ ቤት ተነስቶ መኪና ማቆሚያ ድረስ ይሰማል። የሚናገሩት ቃል ደግሞ አንድ ነው። ለወንድ «ጨምር!»፣ ለሴት «ጨምሪ!»፣ ለቄሱ «ይጨምሩ እንጂ አባ!»

የሚስቴ ወንድም ዱዌይን አንድ ጊዜ በልደቱ ቀን ሁላችንንም ጋበዘን። ጉርሻውን ሲጽፍ ወረቀቱን በግራ እጁ ሸፈነው፤ ፈተና ላይ ጎረቤቱ እንዳይኮርጅበት የሚፈራ ተማሪ ነበር የሚመስለው። እትዬ በርናዲን የኬኩን ክሬም ከሹካቸው እየላሱ፣ «ዱዌይን፣ እጅህን አንሳ» አሉ።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ልደቴ ነው!»

«እሰይ፣ መቶ ዓመት ኑር። እጅህን አንሳ።»

አነሳ። የሒሳቡ አሥር በመቶ፣ የደንቡ ግማሽ! ያን ቀን ምንም አላሉትም። ሁላችንም ተነስተን በር ላይ ስንደርስ ግን ደረታቸውን መታ አደረጉና፣ «ውይ፣ ስካርፌን ረሳሁ!» ብለው ተመለሱ። ሲመጡ ስካርፉ በአንገታቸው ላይ ነበር፣ ቦርሳቸውም ትንሽ ቀሎ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኚህ ሴት ከየምግብ ቤቱ ስካርፍ ሳይረሱ የወጡበትን ቀን አላስታውስም። በነሐሴ ሙቀትም ስካርፍ ያደርጋሉ። ያለ ስካርፍ ምን ብለው ይመለሳሉ?

እኔ ራሴስ ከእሳቸው ጋር የተዋወቅኩት እንዴት ይመስላችኋል? በፈረንጆቹ 1996 ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ራሴን ከዓለም ሁሉ ብልጥ አድርጌ የምቆጥርበት ዕድሜ። ከጓደኛዬ ጋር ስታማቲስ የሚባለው ግሪካዊ ምግብ ቤት ገባን። የተጠበሰው ዓሣ ዘገየብንና እኔ አስተናጋጇን ልቀጣ ተነሳሁ። ሒሳቡን ከፈልኩና ጠረጴዛው መሃል ላይ አንዲት ቀይ ሳንቲም አስቀመጥኩ። አንድ ሳንቲም! እየተሳሳቅን መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን ሳዞር ከመኪናዬ አፍንጫ ፊት ሽርጥ የለበሰች አጭር ሴትዮ ቆማለች።

«መስኮትህን አውርድ» አሉ። አወረድኩ።

«ልጄ፣ ምንም ሳትተው ብትሄድ ረስቶት ነው እል ነበር። ሰው ይረሳል። አንድ ሳንቲም ስትተው ግን አስበህበት ነው። አስበህ ሰደብከኝ። አሁን ንገረኝ፣ ዓሣውን የምጠብሰው እኔ ነኝ?»

ኪሴን ገለበጥኩና አራት ዶላር ሰጠኋቸው።

«ጨምር!»

ጓደኛዬም ኪሱን ገለበጠ። እትዬ በርናዲን ሳንቲሟን ወደ ሽርጣቸው ኪስ ጨመሩ፣ ፈገግ እንኳን ሳይሉ ተመለሱ። በመስኮቱ ሳይ ባንኮኒው ላይ የቤት ሥራዋን የምትሠራ አንዲት ልጅ በሳቅ ወድቃ ትንፈራፈራለች። ጆሊን ነበረች፣ የእህታቸው ልጅ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ በሳምንቱ ሄድኩ፤ በሳምንቱም ሄድኩ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ አገባኋት። በሠርጋችን ቀን እትዬ በርናዲን ጽዋ ሲያነሱ ያሉት፣ «ለባለ አንድ ሳንቲሙ!» ነው። እስከ ዛሬም ስሜ እሱ ነው። ራስል የሚለኝ የባንክ ሠራተኛ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ጉድ ፈላ። ልጄ ዴላኒ አሥራ ሰባት ሞላትና የፕሮም ዓመቷ ደረሰ። ፕሮም ማለት ልጆቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ሴቶቹ ረጅም ቀሚስ፣ ወንዶቹ የኪራይ ሱፍ ለብሰው የሚጨፍሩበት ቀን ነው፤ ከጭፈራው በፊት ደግሞ በቡድን ምግብ ቤት ገብተው እንደ ትልቅ ሰው ይበላሉ። ዴላኒና ሰባት ጓደኞቿ ስታማቲስ ቤት ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። የከተማው ሌላ ቤት ሁሉ ተይዟል። ባለቤቱ ስታማቲስ ደግሞ በሩ ላይ በትልቁ፣ «የፕሮም ቡድን አናስተናግድም» ብሎ ለጥፏል።

እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም። አምና አሥራ አንድ ጎረምሶች ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀምጠው፣ ጠረጴዛው ላይ በካቻፕ ስማቸውን ጽፈው፣ ለአስተናጋጇ የተዉላት ጉርሻ «ፈገግ ብትዪ ያምርብሻል» የሚል ወረቀት ነበር። ልጅቷ በማግስቱ ሥራ ለቀቀች።

ዴላኒ አለቀሰች። እትዬ በርናዲን ወሬውን ሰሙና ስካርፋቸውን አጥብቀው አስረው ስታማቲስ ዘንድ ሄዱ። እኔ ሾፌራቸው ስለሆንኩ ሁሉን ሰምቻለሁ።

«ስታማቲስ፣ እነዚህን ልጆች ታስተናግዳለህ።»

«በርናዲን፣ እግርሽ ሥር ልውደቅ፣ ተይኝ!»

«እኔ ዋስ ነኝ። ካሳፈሩኝ የሐሙሷን የመስኮት ጠረጴዛዬን ውሰዳት። ሁለተኛ በዚህ በር አልገባም።»

ይቺን ጠረጴዛ እወቁልኝ። እትዬ በርናዲን ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየሐሙሱ ከሁለት ጡረተኛ አስተናጋጅ ጓደኞቻቸው ጋር የሚቀመጡባት ናት። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ሳምንታቸው የሚጀምረውም የሚያልቀውም እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። ስታማቲስ ጢሙን እያሻሸ አሰበ። ልጆቹ ጨዋ ቢሆኑ ገበያ ነው፤ ባለጌ ቢሆኑም በየሐሙሱ «ሾርባው ጨው በዛው» ከሚሉት ከበርናዲን ሊገላገል ነው። ወዲያው እጁን ዘረጋ።

እኔ ግን የስምንቱን ልጆች ስም በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የእሳቸው ጠረጴዛ የተያዘው በስምንት ጎረምሶች ጨዋነት ነዋ! አንደኛውማ ኮልተን ነው። ኮልተን መልካም ልጅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ሀምበርገር ሲበላ ከፕላስቲክ መጠቅለያው ጋር ግማሽ ድረስ ሄዷል።

በበነጋው ቅዳሜ የምግብ ጠረጴዛችን ትምህርት ቤት ሆነ። እትዬ በርናዲን የድሮ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ስምንቱን ልጆች አሰልፈው አስቀመጡ።

«ሁለት ዶላር ከሰማንያ ሦስት ሳንቲም!» ብለው ጮኹ። «ይኼ ምንድነው?»

«የቺፕስ ዋጋ?» አለ ኮልተን።

«የአስተናጋጅ ደመወዝ ነው። በሰዓት!»

«ሂዱ እትዬ፣ እየቀለዱ ነው።»

«ቀልድ የሚያምርብኝ እመስላለሁ?»

ኮልተን አፍጥጦ ጓደኞቹን አየ። ከዚያ እኔም በልቤ የማስበውን ጥያቄ ጠየቀ። «ታዲያ ባለቤቱ ለምን በደንብ አይከፍላትም? እኔ ምን ቤት ነኝ?»

እትዬ በርናዲን ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ጠይቄዋለሁ። አድገህ ሕግ የምታወጣ ከሆነ ለውጠው፤ ድምፄን እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ልጅቷ የቤት ኪራይዋን በአንተ ጥያቄ አትከፍልም።»

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ እንደ ጉድ ወረደ። «የሒሳቡን ነጥብ አንድ ቤት ወደ ግራ ግፉ፣ የመጣውን እጥፍ አድርጉ፣ አለቀ! ለዚች ስልክ አይወጣም! የቅናሽ ወረቀት ካላችሁ ጉርሻው የሚሰላው ከቅናሹ በፊት ባለው ዋጋ ነው፤ ዋጋው ቀነሰ እንጂ ሳህኑ አልቀለላትም። ደግሞ ስምንት ስትሆኑ ቤቱ ራሱ አሥራ ስምንት በመቶ ጉርሻ ሒሳቡ ላይ ይደምራል፣ ከታች በደቃቅ ይጻፋል። ሳታነቡ አትክፈሉ! በጣት ማፏጨት፣ በስኒ ማንኳኳት፣ ‹ሄይ› ማለት ክልክል ነው። ስም አላት፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል!»

«ምግቡ ቢዘገይስ?» አለች አንዷ።

«የአባ ባለ አንድ ሳንቲሙ ጥያቄ!» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ስምንቱም ዞረው አዩኝ። ልጄ የ1996ቱን ታሪክ በሙሉ ነግራቸዋለች ማለት ነው። «ወጥ ቤቱ ላጠፋው እሷን አትቅጡ።»

«ራሷ ብታጠፋስ?» አለች ዴላኒ። «ለምሳሌ የሆነ ነገር ብትደፋብኝ?»

እትዬ በርናዲን ፊታቸው ለሰስ አለ። «ያኔ ዓይኗን ዕዪው። ግድ የሌላት ከሆነ...» ብለው ጀመሩ፤ ግን አልጨረሱትም። ለካ ቀደም ብለው ኮልተንን ሦስት ሳህን በአንድ ክንድ ይዞ ሳሎኑን እንዲዞር አዘውት ነበር። ቷ! የሚስቴ የሠርግ ሳህኖች፣ ሁለቱ ባንድ ላይ!

«አሁን ገባህ?» አሉት እትዬ በርናዲን።

ኮልተን ስብርባሪውን እየለቀመ፣ «ገባኝ እትዬ» አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። የዴላኒ ጥያቄ በዚያው ተረሳ።

ቀኑ ደረሰ። የግንቦት ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ተኝታለች። እኔ የት ነበርኩ አትሉም? ስታማቲስ ቤት ፊት ለፊት፣ መኪናዬ ውስጥ ተደብቄ! እትዬ በርናዲን ጎኔ ተቀምጠው ወፍ የሚያዩበትን አቅራቢ መነጽር ዓይናቸው ላይ ደቅነዋል። «ልጆቹን ልሰልል አልመጣሁም፣ ወፍ እያየሁ ነው» ይላሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

«ናፕኪን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጎበዝ! ኮልተን ‹አመሰግናለሁ› አላት፣ ከንፈሩን አየሁት። አስተናጋጇ አዲስ ናት። ውይ የኔ ልጅ... አራት ሳህን ባንዴ? አትያዢ! ሁለት ሁለት አድርጊ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? አትያ...»

መነጽር አላስፈለገኝም። ቡናማው የሥጋ መረቅ ሙሉ ሳህን ሆኖ በአየር ላይ ሄዶ የልጄ ሰማያዊ ቀሚስ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ያ ቀሚስ! ዴላኒ በጋውን ሁሉ አይስክሬም ሸጣ የገዛችው ቀሚስ!

«ሶዳ ውሃ!» ብለው ጮኹ እትዬ በርናዲን፣ የመኪናውን በር እየታገሉ። «ሶዳ ውሃና ጨው! ክፈትልኝ አንተ ሰው!»

«አልከፍትም! ካዩን ልጄ እስከ ዕለተ ሞቴ አታናግረኝም!»

ዴላኒ ብድግ ብላ ቆመች። ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያያታል። አስተናጋጇ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ደርቃ ቀርታለች፤ ዕድሜዋ ከልጄ ብዙም አይርቅም። እኔ ያ 1996 ትዝ አለኝ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ሰው ምን ያህል ጨካኝ መሆን እንደሚችል። እትዬ በርናዲን መነጽሩን አወረዱ። «አላይም» አሉ። «አንተ እይና ንገረኝ።»

አየሁ። ዴላኒ እጇን ዘርግታ ልጅቷ ደረት ላይ ያለውን ስም አነበበች። የሆነ ነገር አለቻት። ኮልተን የኪራይ ኮቱን አውልቆ ልጄ ወገብ ላይ አሰረላት። ሌሎቹ ወለሉን በናፕኪን ጠረጉ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ፣ ልጅቷም ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፣ በሁለት ሁለት ሳህን።

«ተቀምጠዋል፣ እየበሉ ነው» አልኳቸው።

«ጉርሻው ገና ነው» አሉ። «ጨዋ ሰው ሁሉ እስከ ጉርሻው ድረስ ጨዋ ነው።»

በልተው ወጡ። ከኋላቸው ስካርፍ ረሳሁ ብሎ የተመለሰ ሰው የለም። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ልታነሳ መጣች፣ ሳህን ገለጠች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሽርጧን እንደታጠቀች በሩን በርግዳ ወደ መኪና ማቆሚያው በሩጫ ወጣች!

ሽርጥ ለብሳ ወደ መኪና የምትሮጥ ሴት ሳይ እኔ ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ። እግሬ ሳላዘው ነዳጁ ላይ አረፈ። እትዬ በርናዲን ግን በሩን ከፍተው ወርደዋል፤ በሰባ አራት ዓመታቸው የዚያን ዓይነት ሩጫ ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ። በልጅቷና በልጆቹ መሃል ገብተው ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«ስንት አጎደሉ? ንገሪኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ ዋሳቸው፣ እኔ እሞላለሁ!»

ልጅቷ ታለከልካለች። ደረቷ ላይ «ማሪሶል» ይላል። እጇ ውስጥ የተጨማደዱ የአምስት ዶላር ኖቶች አሉ። «አላጎደሉም እማማ! ሁለቴ ከፍለዋል! ጉርሻው ሒሳቡ ላይ አለ፣ ከፍለውታል፤ ይኼን አርባ ዶላር ደግሞ ከሳህን ሥር አገኘሁት። ልጆች ናቸው፣ ተሳስተው ነው። እንዲያውም እኔ ቀሚሷን አበላሽቼ... መውሰድ አልችልም!»

«አልተሳሳትንም» አለች ዴላኒ። መረቁ ከኮልተን ኮት ሥር እስከ ጫማዋ ድረስ ወርዷል። «አንብበናል። ሒሳቡ ላይ ያለው የሥራሽ ነው። ይኼኛው ደግሞ... እኔ ላይ ከደፋሽ በኋላ ወጥ ቤት ተደብቀሽ መቅረት ትችዪ ነበር። ተመልሰሽ መጣሽ። ሁላችንንም አበላሽን። ለሱ ነው።»

«እኔ ሁለት ሳህን የሰበርኩት ሳሎን ውስጥ ነው፣ ማንም ሳይቸኩልብኝ» አለ ኮልተን።

ማሪሶል ወጥ ቤት ያላለቀሰችውን እዚያው አለቀሰች። ዴላኒ አቀፈቻት፤ ያ መረቅ ለሽርጡም ደረሰው። እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እንደ ሕፃን ስነፋረቅ ማንም ባያየኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዴላኒ ግን ቀና ስትል አየችኝ፤ ቀጥሎም ከፊቷ ቦርሳ ከፍተው የቆሙትን ሴትዮ አየች።

«እትዬ! እዚህ ምን ይሠራሉ?»

እትዬ በርናዲን፣ የሠላሳ አንድ ዓመት አስተናጋጅ፣ እንደ ልማዳቸው ደረታቸውን መታ አደረጉ።

«ስካርፌን ረስቼ ነው» አሉ።

ስካርፉ አንገታቸው ላይ ነበር። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፣ ማሪሶልም ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች፣ በር ላይ የቆመው ስታማቲስ እንኳን ሳይወድ በግዱ ጥርሱን አሳየ። «ሐሙስ ሾርባው ምስር ነው» ብሎ ገባ።

ወደ ቤታቸው ስነዳ የትራፊክ መብራት ያዘን። እዚያው ቆመን፣ «አርባ ዶላር» አሉ ለራሳቸው። «አሥራ ስምንት በመቶው ላይ ሌላ አርባ።»

«ጨምሩ ሊሏቸው ነው?» አልኳቸው።

«አይ» አሉ፣ ዓይናቸውን በናፕኪን እየጠረጉ። «በቃ። ይበቃል።» ይኼን ቃል ከአፋቸው ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

በራቸው ላይ አወረድኳቸው። ሁልጊዜ እንደማደርገው መዳፌን ዘርግቼ፣ «ለሾፌሩስ?» ብዬ ቀለድኩ። ሁልጊዜ እጄን መታ አድርገው ነው የሚሄዱት። ዛሬ ግን ቦርሳቸውን ከፍተው ሲፈትሹ ቆዩና አንዲት ቀይ ሳንቲም መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«ያቺው ናት» አሉ። «ይኼን ሁሉ ዓመት አስቀምጬልህ ነበር። ልጅህን አሳድገሃል፤ ሒሳባችን ተዘግቷል ባለ አንድ ሳንቲሙ።» ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው ገቡ።

መብራት ሥር ቆሜ ሳንቲሟን አየኋት። እኔ የተውኩት በ1996 ነው። ሳንቲሟ ላይ የተጻፈው የተመታችበት ዓመት 2014 ነው።

አልተመለስኩም፣ አልጠየቅኩም። ምንም ባይሰጡኝ ረስተው ነው እል ነበር፤ ሳንቲም ሲሰጡኝ ግን አስበውበት ነው። ሳንቲሟ አሁንም የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ አለች፤ ጆሊን ሸሚዙን ልታጥብ ስትል ቀድሜ አወጣታለሁ።